አራት ሀገር በሦስት አልጋ፦ ፕራግን፣ ቪየናን፣ ብራቲስላቫንና ቡዳፔስትን በአንድ የፀደይ ጉዞ ለማየት ዕቅድ አወጣጥ

የብዙ ሀገር ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው መንገድ ላይ ሳይሆን ገና ቤት ተቀምጦ ዕቅድ ሲወጣ ነው። ሰው መጀመሪያ ማየት የሚፈልጋቸውን ሀገሮች ይደረድራል፤ የት ስንት ሌሊት እንደሚያድር የሚያስበው በመጨረሻ ነው። ውጤቱም በአሥር ቀን ስድስት ሆቴል፣ በየሁለት ቀኑ ሻንጣ መዝጋት፣ ለየትኛው ኤምባሲ እንደሚቀርብ የማይታወቅ የቪዛ ፋይል ይሆናል። እዚህ የሚጀመረው ከሌሊት ቆጠራ ነው፤ ሀገር በኋላ ይመጣል።

ምሳሌው 10 ሌሊት ነው፤ ከኤፕሪል 14 እስከ 24፣ 2027 (ከሚያዝያ 6 እስከ 16፣ 2019)። ፀደይ ያልነው የአውሮፓውን ነው፤ ከማርች እስከ ሜይ ያለው፣ በኛ በልግ የሚዘንብበት ጊዜ። ከዚህ በታች ቀን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓት ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። እርስዎም በወረቀቶችዎ ላይ ሁለቱን አቆጣጠር አይቀላቅሉ።

ደረጃ 1፦ ሌሊት ይቁጠሩ

1. መሬት ላይ የሚያድሩባቸውን ሌሊቶች ብቻ ይቁጠሩ። አውሮፕላን ውስጥ ያለፈ ሌሊት አይቆጠርም። ማታ ተነስተው ጠዋት የሚደርሱ ከሆነ ሆቴሉ የሚያዘው ከደረሱበት ቀን ጀምሮ ነው። እዚህ ላይ የምትጠፋ አንዲት ቀን ኋላ የቪዛ ፋይሉን ታበላሻለች።

2. ከተማ የሚቀይሩበትን ቀን ግማሽ ቀን ይበሉት። ከፕራግ ቪየና ባቡሩ 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ነገር ግን ክፍል የሚለቀቀው ብዙውን ጊዜ እስከ 11:00፣ አዲሱ ክፍል የሚሰጠው ከ15:00 በኋላ ነው። ከበር እስከ በር ሲቆጠር ከስድስት ሰዓት በላይ ይሄዳል።

3. ከሦስት ሌሊት በታች የሚታደርበት ከተማ አይኑር። አጭር ጉብኝት የሚበቃው ከተማ የቀን ደርሶ መልስ ይሁን። ብራቲስላቫ ከቪየና አንድ ሰዓት ገደማ ናት፤ ሻንጣ ይዞ መሄድ ትርፉ ድካም ነው።

4. አንደኛው ከተማ በግልጽ ከሌሎቹ የበለጠ ሌሊት ይኑረው። ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ያገኙታል።

በዚህ ስሌት የሚወጣው፦ ፕራግ 3፣ ቪየና 4 (ብራቲስላቫ በአንዱ ቀን ደርሶ መልስ)፣ ቡዳፔስት 3። ሦስቱም ከተሞች በአንድ የባቡር መስመር ላይ ስለሆኑ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ያለዎት 7 ሌሊት ብቻ ከሆነ ከየከተማው አንድ አንድ አይቀንሱ፤ ፕራግን ሙሉ በሙሉ ይተዉና ቪየና 4፣ ቡዳፔስት 3 ያድርጉ። 13 ሌሊት ካለዎት ሳልዝበርግን ለ3 ሌሊት ይጨምሩ፤ ከቪየና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ከበዓላት ጋር ያስተያዩ

በ2027 የምዕራባውያን ፋሲካ ማርች 28 ይውላል፤ የኛ ደግሞ ሜይ 2 (ሚያዝያ 24)። ከአንድ ወር በላይ ይራራቃሉ፤ ይህ ለእኛ ይጠቅማል።

• ከማርች 20 እስከ ማርች 29 ባለው ጊዜ ፕራግና ቪየና በፋሲካ ገበያቸው ምክንያት ይጨናነቃሉ፤ ሆቴልም ይወደዳል። ስቅለት (ማርች 26) በቼክ፣ በስሎቫኪያና በሃንጋሪ የሥራ ዝግ ቀን ነው፤ በኦስትሪያ ግን አይደለም። የፋሲካ ማግስት ሰኞ በአራቱም ዝግ ነው። ቅዳሜ ለእሑድ ማርች 28 በሚያነጋው ሌሊት ሰዓት አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፤ በዚያ ጠዋት ባቡር ወይም በረራ አይያዙ።

• ሜይ 1 በአራቱም ሀገር በዓል ነው። ሜይ 8 በቼክና በስሎቫኪያ ዝግ ነው።

• ቪየና በኤፕሪል ማራቶን ታካሂዳለች፤ በዚያ እሑድ ዋና ዋና መንገዶች ይዘጋሉ፣ ሆቴልም ይሞላል። ሆቴል ከመያዝዎ በፊት የዓመቱን ቀን ይመልከቱ።

• ዐቢይ ጾም ማርች 8 ይገባል። የምሳሌው ጉዞ ሙሉ በሙሉ በጾም ውስጥ ነው፤ የሚያልቀውም በሆሳዕና ዋዜማ ስለሆነ ሰሙነ ሕማማትን ቤትዎ ይደርሱበታል። ለሚጾም ሰው ምግቡ ይቻላል፤ እንዴት እንደሆነ ደረጃ 7 ላይ አለ።

ደረጃ 3፦ ወረቀት

አብዛኛው ዕቅድ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ቀስ ብለው ይሂዱ።

ማን ቪዛ ያስፈልገዋል

አራቱም ሀገሮች ሼንገን ውስጥ ናቸው፤ ሼንገን በመካከላቸው መደበኛ የድንበር ፍተሻ የቀረባቸው የአውሮፓ ሀገሮች ክልል ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ በኢትዮጵያ፣ በባሕረ ሰላጤው ሀገሮች፣ በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ የሚኖር ሰው የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ግሪን ካርድም ኢቃማም የእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃድም ቪዛውን አይተካም። የአሜሪካና የእስራኤል ዜጎች ያለ ቪዛ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላሉ። በጀርመን፣ በስዊድን፣ በጣሊያን ወይም በሌላ የሼንገን ሀገር የጸና የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የኢትዮጵያ ዜጋም በፓስፖርቱና በፈቃዱ ለተመሳሳይ ጊዜ መዘዋወር ይችላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው የሚሰጠው ጊዜያዊ ወረቀት ግን ድንበር አያሻግርም፤ በዚያ ወረቀት ቲኬት እንዳይገዙ።

የትኛው ኤምባሲ

ማመልከቻው የሚቀርበው ረጅሙን ጊዜ ለሚቆዩበት ሀገር ነው። እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት። በእኛ ዕቅድ ቪየና 4 ሌሊት ስላላት መልሱ ያለ ክርክር ኦስትሪያ ነው፤ መግቢያው በፕራግ መሆኑ ለውጥ የለውም። 3-3-3 ያሉ ሰዎች በአንዱ ኤምባሲ «የኛ አይደለም» ተብለው የሚመለሱት በዚህ ነው። ቀጠሮ ቶሎ ተገኘ ብሎ ለማያድሩበት ሀገር ማመልከት ደግሞ የባሰ ነው፤ ድንበር ላይ ሆቴልዎን የሚጠይቅ ኃላፊ ቪዛውን ሊሰርዘው ይችላል።

መቼ

ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። ለኤፕሪል 14 ጉዞ ከኦክቶበር 14፣ 2026 ጀምሮ ማለት ነው። ለሌሎች መደበኛው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ባወጣው ውሳኔ ለኢትዮጵያ ዜጎች 45 ቀን ሆኗል። በዚሁ ውሳኔ ብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ መስጠት ቆሟል፤ የሚያገኙት አንድ ጊዜ መግቢያ ነው። ቀጠሮ የሚጠበቅበትን ጊዜ ሲጨምሩበት ፋይሉ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ መግባት አለበት። ማርች ላይ የተነሳ ሰው ለዚህ ፀደይ አይደርስም፤ ለመጸው ያስብ።

ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች አይከፍልም። ማመልከቻ ማዕከላት የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ። ቪዛ ቢከለከል ገንዘቡ አይመለስም።

ፋይሉን እንዲህ ያዘጋጁ

1. ፓስፖርት፦ ከሼንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው።
2. የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ፦ ሽፋኑ ከ30,000 ዩሮ ያላነሰ፣ ለመላው ሼንገን የሚሠራ፣ የመግቢያና የመውጫ ቀንን ጨምሮ።
3. የበረራ ሪዘርቬሽን፤ የተከፈለበት ቲኬት አይደለም።
4. የ10ሩንም ሌሊት የሚሸፍን የሆቴል ቡኪንግ፣ በነጻ የሚሰረዝ።
5. የቅርብ ወራት የባንክ ስቴትመንት። ከማመልከቻው በፊት በነበረው ሳምንት በአንድ ጊዜ የገባ ትልቅ ገንዘብ ከማነስ ይልቅ ጥርጣሬ ይጎትታል፤ ምንጩን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ አያስገቡ።
6. የቅጥር ደብዳቤ ከፈቃድ ቀናት ጋር፤ ነጋዴ ከሆኑ ንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ።
7. አንድ ገጽ የቀን በቀን ዕቅድ፦ ቀን፣ ከተማ፣ ሆቴል፣ የባቡር ጉዞ።

ቪየና ዘመድ ጋር የሚያርፉ ከሆነ ሆቴሉን የሚተካው ተራ የግብዣ ደብዳቤ አይደለም፤ ጋባዡ እዚያው ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ የዋስትና ማረጋገጫ ያስመዘግብና የምዝገባ ቁጥሩን ይልክልዎታል። ቁጥሩን ማመልከቻው ላይ ይጻፉት።

ከዚያ አምስቱን ወረቀቶች፣ ማለትም ማመልከቻውን፣ ኢንሹራንሱን፣ በረራውን፣ ሆቴሉንና የፈቃድ ደብዳቤውን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቀኖቹን በጣትዎ እየነኩ ያመሳክሩ። የተለመደው ስህተት የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ «ከሚያዝያ 6» ብሎ በኛ አቆጣጠር ሲጻፍና ተርጓሚው «ከኤፕሪል 6» ብሎ ሲያልፈው ነው። ስሙንም ከፓስፖርቱ ግርጌ ካሉት ሁለት የማሽን መስመሮች ላይ እንዳለ ይቅዱ፤ የአያት ስም በአንዱ ወረቀት ገብቶ በሌላው ሲቀር ሁለት ሰው ይመስላል።

የቪዛ ስቲከሩን እዚያው ያንብቡ

ፓስፖርቱን ሲረከቡ ከቢሮው ሳይወጡ ሦስት ቦታ ይዩ። መጀመሪያ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል። ቀጥሎ የመግቢያ ብዛት፤ 01 ከሆነ አንዴ ከወጡ አይመለሱም። በመጨረሻ የቀን ብዛት። 10 ሌሊት 11 ቀን ነው፤ የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል። 10 ተብሎ ከተጻፈ አንድ ቀን ጎድሎብዎታል፤ እዚያው ይናገሩ።

አንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ከያዙ ከቡዳፔስት ቤልግሬድ ብቅ ብሎ የመመለስ ሐሳብ ይተው። ሰርቢያ ሼንገን ውስጥ አይደለችም፤ ድንበሩን እንዳለፉ ቪዛዎ አብቅቷል። ክሮኤሺያ (ከ2023 ጀምሮ)፣ ሮማኒያና ቡልጋሪያ (ከ2025 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ) ግን ውስጥ ናቸው።

ቢከለከል

የሚሰጥዎት ቅጽ ላይ ምክንያቱ በቁጥር ምልክት ተደርጎበታል። ምክንያቱ የወረቀት ጉድለት ከሆነ ያንኑ አሟልቶ እንደገና ማመልከት ከይግባኝ ይፈጥናል። «ለመመለስዎ እርግጠኛ አይደለንም» የሚለው ከሆነ ያንኑ ፋይል መልሶ ማስገባት 90 ዩሮ መጣል ነው፤ አዲስ ማስረጃ ያስፈልጋል። የይግባኙ ቀነ ገደብ አጭር ነው፤ ቅጹ ላይ ተጽፏል።

ደረጃ 4፦ በረራውን በአንዱ ገብተው በሌላው ይውጡ

ፕራግ ደርሰው ከቡዳፔስት እንዲመለሱ አድርገው ይግዙ። ሲፈልጉ «ደርሶ መልስ» የሚለውን ትተው «ብዙ ከተማ» የሚለውን ይምረጡ። ሁለት የአንድ መንገድ ቲኬት ለየብቻ አይግዙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይወደዳል። ኤሚሬትስ፣ ኳታርና ተርኪሽ ወደ ሦስቱም ከተሞች ስለሚበሩ ይህ አካሄድ ከገልፍም ከአዲስ አበባም ይሠራል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ መሄድ የሚፈልግ ሰው በዚህ አካባቢ የሚያገኘው ቪየናን ነው፤ እንዲያ ከሆነ ቪየና አርፎ በዚያው ቀን በባቡር ፕራግ ይግባ፣ በመጨረሻም ከቡዳፔስት በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ወደ ቪየና ይመለስ።

ማስጠንቀቂያ፦ የጣት አሻራና ፎቶ የሚወሰድበት አዲሱ የሼንገን የድንበር ምዝገባ በኦክቶበር 2025 ተጀምሯል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመዘገብ ሰው ሰልፉ ሊረዝምበት ይችላል። ባረፉ በሦስት ሰዓት ውስጥ የሚነሳ ባቡር አይያዙ።

ደረጃ 5፦ ማደሪያ

ቪዛው እስኪወጣ በነጻ የሚሰረዝ ክፍል ብቻ ይያዙ። የሚሰረዝበትን የመጨረሻ ቀን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፤ አንዳንዱ ከመድረሻው አንድ ቀን በፊት፣ አንዳንዱ ሁለት ሳምንት በፊት ይዘጋል። ቪዛ ካገኙ በኋላ ሆቴል ቢቀይሩ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሌሊት ብዛት ይሁን፤ አዲሱን ወረቀትም ያትሙ።

ለቦታ ምርጫ አንድ መስፈርት ይበቃል፦ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ያለ ቅያሪ በአንድ ሜትሮ ወይም ትራም የሚደረስ። ታሪካዊው ማዕከል ውስጥ ሁለት እጥፍ ከፍሎ ሻንጣ በኮብልስቶን ላይ መጎተት አያስፈልግም። በሁሉም ከተሞች የቱሪስት ግብር አለ፤ ፕራግ ላይ በሰው በሌሊት 50 ኮሩና ነው። ቡኪንጉ ላይ ላይካተት ስለሚችል ሲገቡ ቢጠየቁ አይከራከሩ።

ደረጃ 6፦ ባቡር

መኪና መከራየት ለዚህ መስመር አይመከርም። በአንዱ ሀገር ተከራይቶ በሌላው መመለስ የሚያስከፍለው ትልቅ ነው፤ አራቱም ሀገሮች ለአውራ ጎዳናቸው ለየብቻ የቅድሚያ ክፍያ አላቸው፤ ከተሞቹ መሃል ደግሞ ማቆሚያ መከራ ነው።

1. ቪዛው እንደወጣ የፕራግ–ቪየናን ቲኬት ይግዙ፤ ቅዳሜ ስለሚጓዙ ቀድሞ የሚሞላው እሱ ነው። አንዱን ባቡር የቼክ ባቡር ድርጅትና የኦስትሪያው ኦቤቤ በተለያየ ዋጋ ይሸጡታል፤ ሁለቱንም ይዩ። ሬጂዮጄት የተባለው የግል ድርጅትም በዚህ መስመር አለ።

2. የቅናሽ ቲኬት ከአንድ ባቡር ጋር የታሰረ ነው። የ10:00ውን ይዘው በ12:00ው መሄድ አይችሉም፤ አይመለስም። ቪዛ ሳይወጣ አይግዙት።

3. ቲኬት ማለት መቀመጫ ማለት አይደለም። በኦቤቤ ባቡሮች ሁለተኛ ማዕረግ መቀመጫ ለብቻው፣ በጥቂት ዩሮ ይያዛል። ይህን ያላወቀ ሰው ሙሉ ቲኬት ከፍሎ አራት ሰዓት በሻንጣው ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ከመቀመጫው በላይ ባለው ትንሽ ስክሪን ወይም ወረቀት ላይ የከተማ ስሞች ከተጻፉ ያ መቀመጫ በእነዚያ ከተሞች መካከል ተይዟል ማለት ነው።

4. የጣቢያውን ስም እስከ መጨረሻው ፊደል ያንብቡ። ፕራግ ላይ «ህላቭኒ ናድራዢ»፣ ቪየና ላይ «ሃውፕትባንሆፍ»፣ ቡዳፔስት ላይ ብዙውን ጊዜ «ኬለቲ» ነው። ከቪየና ብራቲስላቫ ሁለት መንገድ አለ፦ አንዱ ዋናው ጣቢያ፣ ሌላው ከዳኑብ ወንዝ ማዶ ፔትርዣልካ ያደርሳል። ሄደው በአንዱ፣ ተመልሰው በሌላው መሳፈር ይቻላል፤ ቲኬቱ ሁለቱንም መፍቀዱን ብቻ ይዩ። ከተሞቹም ስም ይቀያይራሉ፦ ቪየና በጀርመንኛ «ቪን»፣ በቼክኛ «ቪዴን»፣ በሃንጋርኛ «ቤች» ትባላለች። ሰሌዳ ላይ ስሟን ያጣ ሰው የባቡሩን ቁጥር ይፈልግ፤ ቁጥሩ አይቀየርም።

5. ከ30 ደቂቃ በፊት ይድረሱ። ፕራግ ላይ የመሳፈሪያው መስመር ቁጥር የሚወጣው ሊነሳ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው፤ ሰዉ ሁሉ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ይጠብቅና በአንድ ጊዜ ይሮጣል። ቡድኑን ደረጃው አጠገብ ያቁሙ።

6. ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር አይጻፉ። 09:10 የሚነሳ ባቡር ለኛ ከጠዋቱ 3:10 ነው። ከሁለት ሰው አንዱ በዚያ፣ ሌላው በዚህ ከጻፈ ባቡሩ ያመልጣል። በኤፕሪል እነዚህ ከተሞች ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው።

7. ፓስፖርት ኪስዎ ውስጥ ይሁን። ሼንገን ውስጥ ድንበር የለም ቢባልም ፖሊስ ባቡር ላይ ይፈትሻል፤ በተለይ ከሃንጋሪ ወደ ኦስትሪያ ሲገባ። ፎቶ ኮፒ ወይም የስልክ ፎቶ አይበቃም። ከመላው ፉርጎ እርስዎን ብቻ ቢጠይቁ ደስ አይልም፤ ነገር ግን ወረቀቱ በእጅ ከሆነ በሁለት ደቂቃ ያልቃል፣ ከሻንጣ ሥር ከሆነ ለሌላ ጥያቄ በር ይከፍታል።

ባቡሩ ቢዘገይ ወይም ቢቀር

መድረሻዎ ላይ 60 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚዘገይ ከታወቀ ጉዞውን ትተው ገንዘብዎን ማስመለስ ወይም በሌላ ባቡር መቀጠል መብትዎ ነው። ተጉዘው ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ከዘገዩ የቲኬቱን 25 በመቶ፣ 120ና ከዚያ በላይ ከሆነ 50 በመቶ ይጠይቁ። በታሰረ ቲኬት ሌላ ባቡር ከመሳፈርዎ በፊት ግን ከቲኬት ተቆጣጣሪው ወይም ከጣቢያው መስኮት ማረጋገጫ ያስጽፉ። ያረፈዱት እርስዎ ከሆኑ አዲስ ቲኬት ከመግዛት በቀር መንገድ የለም።

ደረጃ 7፦ ቀኖቹን ይሙሉ

ለአንድ ቀን አንድ ከባድ ነገርና አንድ ቀላል ነገር ብቻ ይመድቡ። ኤፕሪል እዚያ አሳሳች ነው፤ ጠዋት 5 ዲግሪ፣ ከሰዓት 16 ሊሆን ይችላል፤ ዝናብም አለ። የውጭውንና የቤት ውስጡን ቀን እንደ አየሩ መለዋወጥ እንዲችሉ ይተዉት።

• ረቡዕ 14፦ ፕራግ ይደርሳሉ። ከአየር ማረፊያው 59 ቁጥር ትሮሊባስ ወደ ሜትሮው ያደርሳል። ሌላ ምንም አያቅዱ።
• ሐሙስ 15 እና ዓርብ 16፦ የፕራግ ቤተ መንግሥት በአንዱ፣ አሮጌው ከተማ በሌላው። የአይሁድ ሙዚየም ቅዳሜ ስለሚዘጋ ከነዚህ ቀናት በአንዱ ይግባ። ቻርልስ ድልድይን ከ8:00 በፊት ይሻገሩ፤ ከዚያ በኋላ ሰው እንጂ ድልድይ አይታይም።
• ቅዳሜ 17፦ ጠዋት ባቡር ወደ ቪየና። ከ18:00 በፊት ሱፐርማርኬት ይግቡ፤ በኦስትሪያ ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ይዘጋል፣ እሑድ ከትልልቅ ጣቢያዎች ውስጥ ካሉት ጥቂቶች በቀር አይከፈትም። ይህን የረሳ ሰው እሑድን በኬባብ ያሳልፋል።
• እሑድ 18፦ የሾንብሩን ቤተ መንግሥት። ሰዓት ያለው ቲኬት ቀድመው ይግዙ።
• ሰኞ 19፦ ብራቲስላቫ ደርሶ መልስ። በቪየና ትልቁ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም በዚህ ወቅት ሰኞ ስለሚዘጋ ቀኑ አይባክንም።
• ማክሰኞ 20፦ ያ ሙዚየም፣ ወይም ዕረፍት።
• ረቡዕ 21፦ ባቡር ወደ ቡዳፔስት።
• ሐሙስ 22 እና ዓርብ 23፦ የቡዳ ኮረብታ በአንዱ፣ ፔሽትና ሴቼኒ ፍልውሃ በሌላው። የፓርላማው ጉብኝት ቲኬት ቀደም ብሎ ያልቃል፤ ከሳምንታት በፊት ይያዙ።
• ቅዳሜ 24፦ መመለስ።

በጾም ሲበሉ

«ቬጋን» የሚለውን ቃል በአራቱም ሀገር ይረዱታል። «ሥጋ አልበላም» ብቻ ካሉ ግን ቅቤ፣ አይብና እንቁላል ይመጣልዎታል። ሾርባው አትክልት ቢመስልም በሥጋ መረቅ ሊሠራ ስለሚችል ይጠይቁ። የሃንጋሪው ላንጎሽ፣ በዘይት የተጠበሰ ቂጣ ነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ በእርጎ ክሬምና በአይብ ተሸፍኖ ነው የሚሰጠው፤ በነጭ ሽንኩርት ብቻ ይዘዙት፤ ሊጡ ውስጥ ወተት መኖሩንም ይጠይቁ።

የከተማ ትራንስፖርት

በፕራግ፣ በቪየናና በቡዳፔስት የወረቀት ቲኬት መግዛት አይበቃም፤ በሜትሮው መግቢያ ወይም ትራሙ ውስጥ ባለው ትንሽ ሳጥን ማስመታት አለብዎ። ተቆጣጣሪዎች ቱሪስት አያዝኑለትም፤ ያልተመታ ቲኬት እንደሌለ ይቆጠራል። በፕራግ የ24 ወይም የ72 ሰዓት ቲኬት አንዴ ተመትቶ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ገንዘብ

ኦስትሪያና ስሎቫኪያ ዩሮ ይጠቀማሉ፤ ቼክ ኮሩና፣ ሃንጋሪ ፎሪንት። አንድ ዩሮ ወደ 25 ኮሩና ገደማ ነው ብለው በጭንቅላትዎ ያስሉ፤ 10,000 ፎሪንት ደግሞ ወደ 25 ዩሮ። ባለ 1,000ና ባለ 10,000 ኖት በሻማ ብርሃን ምግብ ቤት ውስጥ እንዳይቀያየርብዎ።

1. ሁለት ካርድ ይያዙ፤ በተለያየ ቦርሳ። ከሀገር ቤት የሚነሱ ከሆነ ካርዱ ውጭ ሀገር እንደሚሠራና ገደቡ ስንት እንደሆነ ባንክዎን ቀድመው ይጠይቁ።
2. ኤቲኤም ወይም የካርድ ማሽን «በዩሮ ወይስ በሀገሩ ገንዘብ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁልጊዜ የሀገሩን ይምረጡ። ሌላውን ከመረጡ ምንዛሪውን የሚወስነው ማሽኑ ነው፤ ይወደዳል። የባንክ ቅርንጫፍ ያለውን ኤቲኤም ይጠቀሙ።
3. ፕራግ ላይ መንገድ ላይ አይመንዝሩ። በምንዛሪ ቢሮ ከተታለሉ ግን የቼክ ሕግ ይረዳዎታል፦ እስከ 1,000 ዩሮ የሚደርስን ምንዛሪ በ3 ሰዓት ውስጥ ደረሰኙን ይዘው ተመልሰው ማሰረዝ ይችላሉ። ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይውጡ።
4. ቡዳፔስት ላይ ሂሳቡን ያንብቡ፤ የአገልግሎት ክፍያ ብዙውን ጊዜ ተደምሯል። ከተደመረ ጉርሻ አይጨምሩ።
5. 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ሰው ለጉምሩክ ማስመዝገብ ግዴታው ነው።

ደረጃ 9፦ ከመነሳትዎ በፊት ባለው ሳምንት

• የሆቴሎቹን፣ የመመለሻ በረራውንና የኢንሹራንሱን ወረቀት አትመው በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ድንበር ላይ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።
• የፓስፖርቱንና የቪዛ ስቲከሩን ፎቶ ለራስዎ በኢሜይል ይላኩ። ፓስፖርት ቢጠፋ መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው የጠፋ ማስረጃ ያውጡ፣ ከዚያ በአቅራቢያ ወዳለው የሀገርዎ ኤምባሲ ለሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ ለሚሰጥ የጉዞ ወረቀት) ይሂዱ። ያለ ፖሊስ ወረቀት አይጀመርም።
• ድንገተኛ አደጋ በአራቱም ሀገር 112 ነው።
• በመጨረሻው ጠዋት ከቡዳፔስት መሃል ወደ አየር ማረፊያው የሚወስደው 100ኢ አውቶብስ የራሱ ቲኬት አለው፤ የከተማው የ72 ሰዓት ቲኬት አያገለግልም። ከዋዜማው ይግዙት፤ የቀሩትን ፎሪንቶችም እዚያው ይጨርሱ፤ ሳንቲሙን ከሃንጋሪ ውጭ የሚመነዝር አያገኙም።